ወፍጮ እህል አያበቅልም፦ «ጋዜጠኝነት አበቃለት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከቡድን ወደ ቡድን ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከሥሩ «እንግዲህ ቀብራችንን አንብብ» ብሎበታል። ጽሑፉ ጋዜጠኝነት እንዳበቃለት፣ ዴሞክራሲም ያለ እሱ እንደሚሻለው ይከራከራል። አማርኛው ያምራል፣ ስድብም የለበትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር ብርቅ ስለሆነ ጸሐፊውን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ተሳስተዋል።

ያሉት እንዳይዛባ መጀመሪያ እሱን ላስቀምጥ። ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ በሆነበት ዘመን የተለየ ሙያተኛ አያስፈልግም፤ «እረኛ ምን አለ?» እያለ ለኖረ ሕዝብ ጋዜጣ መጤ ነው ይላሉ። ቀጥለው የኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት ድሮም ወይ የመንግሥት አፍ ወይ የፓርቲ በራሪ ወረቀት ስለነበረ ቢጠፋ የሚጎድል ነገር የለም ይላሉ። ሦስተኛው ክርክራቸው ገበያው ፈርዷል የሚል ነው፤ ሰው ለጋዜጣ ሳንቲም አያወጣም፣ ዩቲዩብ ላይ ግን ሲያፈጥ ያመሻል። አራተኛ፣ ባለሥልጣናት በገጻቸው በቀጥታ ለሕዝብ ስለሚናገሩ መሐል ቤት የሚቆም ደላላ አያስፈልግም። በመጨረሻም የቀረውን ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በርካሽና ያለ ወገንተኝነት ይሠራዋል ብለው ይዘጋሉ። ጽሑፉ ውስጥ አንድ የዓመተ ምሕረት ስህተትም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

ከእረኛው ልጀምር። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ይነገራል። ግን እረኛው ለምን በግጥም ይናገር ነበር? በቀጥታ ቢናገር ስለሚቀጣ ነው። ግጥሙ ባለቤት የለውም፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጉልበቱም መከላከያውም እዚያው ላይ ነው። የእረኛ ግጥም ሕዝቡ መከፋቱን ይነግርሃል። ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እንደጎደለ፣ ማን እንደወሰደው፣ በየትኛው ሌሊት እንደተጫነ ግን አይነግርህም። ዛሬ በየስልካችን የሚጎርፈው አብዛኛው ነገር የእረኛ ግጥም ነው፤ ስሜቱ እውነት ነው፣ ዝርዝሩ ግን የማንም አይደለም።

ስልክ ያለው ሰው ዘጋቢ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቆሞ ማንም ያላየውን ሊያሳየን እንደሚችል አልክድም። ብዙ ጊዜም አሳይቶናል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን እየነዱ ወስደው ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የካሜሩን ወታደሮች ናቸው ተባለ። የካሜሩን መንግሥት የፈጠራ ወሬ ነው ብሎ አስተባበለ። ነገሩ በዚያው ቢቀር ኖሮ የሚያምን አምኖ፣ የማያምን ሳያምን ይበተን ነበር፤ እኛ አገር በየሳምንቱ እንደሚሆነው ማለት ነው። አፍሪካ አይ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ዝግጅት ጋዜጠኞች ግን ቪዲዮውን ይዘው ተቀመጡ። ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ። ቤቶቹን፣ ዛፎቹን፣ መንገዱን ለዩ። የወታደሮቹን ጥላ ርዝመትና አቅጣጫ ለክተው ወቅቱን አሰሉ። ቦታው ሰሜን ካሜሩን፣ ዘለቬት የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ2015 መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን ወታደሮች በአሥር ዓመት እስራት ቀጣ። ቪዲዮውን የቀረጸው ስልክ ነው። ሊካድ የማይችል ያደረገው ግን ቁጭ ብሎ ጥላ የለካ ሰው ነው።

ሌላኛው ምሳሌ ወደ እኛ ይጠጋል፤ ስጽፈውም ይከብደኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የሥራ ቦታቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ልጥፎች በፌስቡክ ሲሰራጩ ነበር። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ በታኅሣሥ 2015 ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ እነዚያን ልጥፎች ያሰራጩት ሰዎች በእርስዎ ትርጉም ጋዜጠኞች ናቸው? ስልክ ነበራቸው፣ ተከታይ ነበራቸው። «እርስዎ እንዲህ እየተባሉ ነው፤ ምን ይላሉ?» ብሎ አስቀድሞ መደወል ግን በፌስቡክ ግዴታ አይደለም። ሥራውን በሚያውቅ ጋዜጣ ቤት ይህን ስልክ ያልደወለ ዘጋቢ ጽሑፉን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።

ስለ ስልክ ካነሳን አይቀር፣ የስልኩ መስመር በማን እጅ እንዳለም አይዘንጋ። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ጨለማ ውስጥ ነበረች። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ያውቃል። «ሁሉም ጋዜጠኛ ነው» የሚለው አዋጅ እነዚህን ሁሉ ወራት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ክርክራቸው ከሁሉም ይበልጥ ያመመኝ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። አዲስ ዘመን በ1933 ከተመሠረተ ጀምሮ መንግሥት ሲለዋወጥ አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ በሦስት ሥርዓት ሦስት ዓይነት ምስጋና ጽፏል። የግሉ ፕሬስም ቅዱስ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያስታውስ ሰው «ታማኝ ምንጮቻችን እንደገለጹልን» እየተባለ ስንት የፈጠራ ወሬ እንደታተመ ያውቃል። ፖለቲካ ፓርቲዎችን እንደ እግር ኳስ ቡድን የሚደግፉ አዘጋጆች ነበሩ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ዛሬ በሌለ አንድ ጋዜጣ ላይ በሠራሁበት ጊዜ፣ በማጭበርበር ስለተከሰሰ ነጋዴ አንድ ዜና ጻፍኩ። ስሙንና የአባቱን ስም ብቻ አወጣሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ጋዜጣውን በብብታቸው ይዘው ቢሯችን መጡ። ስማቸው ከነአባታቸው ከተከሳሹ ጋር አንድ ነው፤ እሳቸው ግን የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ እንኳን ሊከሰሱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ደንበኛ ሸሽቷቸዋል። እንዴት እንዳገኙን ስንጠይቃቸው ጋዜጣውን ገልጠው በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ያለችውን ሳጥን አሳዩን። የዋና አዘጋጁ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። በሚቀጥለው እትም እርምት አወጣን። ሰውየው ተመልሰው መጡና «ስትወነጅሉኝ በፊት ገጽ፣ ስታርሙኝ አሥራ አራተኛ ገጽ?» አሉ። ዋና አዘጋጃችን ሳቀ፤ ግን እርምቱን በሦስተኛው ሳምንት ፊት ገጽ ላይ አወጣው። የአያት ስም ሳልጽፍ ዜና አስገብቼ አላውቅም ከዚያ ወዲህ።

ያቺን ሳጥን ብዙ አንባቢ አያያትም ነበር። እኔ ግን ጋዜጠኝነት ምንድን ነው ብትሉኝ የማሳየው እሷን ነው። ወሬ ማሰራጨት ማንም ይችላል፤ አዝማሪም፣ ጫት ቤትም፣ ዩቲዩብም። ሥራው የሚለየው ተበዳይ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ የሚያንኳኳው በር በመኖሩ ነው። በዚያው አድራሻ ግን ሌላም እንግዳ ይመጣ ነበር፤ ፖሊስ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ጋዜጦች ተዘግተው አዘጋጆቻቸው ሲታሰሩ፣ አሳታሚዋ ሰርካለም ፋሲል በእስር ላይ ሳለች ወልዳለች። እስክንድር ነጋ በመስከረም 2004 ታስሮ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ርዕዮት ዓለሙ ከእሱ ጥቂት ወራት ቀድማ ገባች። በሚያዝያ 2006 ደግሞ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ። ጸሐፊው ጋዜጠኛንና ጦማሪን በሁለት ጎራ ከፍለዋል፤ አሳሪው ግን አልለያቸውም፤ በስማቸው የጻፉ በመሆናቸው አንድ ላይ ሰብስቦ አስገባቸው።

«ቢጠፋ የሚጎድል የለም» ለሚለው ደግሞ ክረምት 2004ን ማስታወስ ይበቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን ከተሰወሩ ሳምንታት ተቆጥረዋል። አገሩ ሁሉ የት እንዳሉ ይጠያየቃል፤ ከመንግሥት የሚሰማው ደህና ናቸው፣ እረፍት ላይ ናቸው የሚል ነው። በሐምሌ ፍትሕ ጋዜጣ ስለ ጤናቸው የሚያወራ እትም ሲያዘጋጅ እንዳይሰራጭ ታገደ። በነሐሴ ማረፋቸው ተነገረ። ሰማንያ ሚሊዮን ሕዝብ መሪው በሕይወት መኖር አለመኖሩን ከሹክሹክታ ሲያጣራ የከረመበት ያ ክረምት፣ ጋዜጣ የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ናሙናው ነው።

ወደ ገበያው እንለፍ። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ፌስቡክ መሄዱ፣ ወጣቱ ጋዜጣ አለመግዛቱ የማይካድ ነው፤ የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከ2,500 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል። ይህን አንድ ነጥብ ለጸሐፊው በሙሉ እሰጣቸዋለሁ፤ የታተመው ጋዜጣ በቀድሞ መልኩ አይመለስም፣ እኔም አልናፍቀውም፤ ቀለሙ እጅ ያቆሽሽ ነበር።

«ገበያው ፈረደ» ሲባል ግን የምን ገበያ? እኛ ዘንድ አብዛኛው ጋዜጣ የሚታተመው በአንድ የመንግሥት ማተሚያ ቤት፣ በብርሃንና ሰላም ነው። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ትልልቆቹ ማስታወቂያ ሰጪዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ የግል ነጋዴውም ማስታወቂያ ከመስጠቱ በፊት ነገ ምን ይመጣብኛል ብሎ ያስባል። በ2004 ማተሚያ ቤቱ በሕግ ያስጠይቃል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም ማለት የሚያስችለውን ውል ለአሳታሚዎች አቅርቦ ነበር። ዳኛውም፣ ሜዳውም፣ ኳሱም የአንድ ወገን ሆኖ የተሸነፈውን ቡድን ተመልካች ጠላው ማለት ይከብዳል።

ዩቲዩቡንም እንመልከተው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላዩት ነገር አለ። ዩቲዩብ የሚከፍለው በእይታ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ያለበት አገርም ዋጋ አለው። ከቨርጂኒያ ወይም ከስቶክሆልም የሚመጣ አንድ ሺህ እይታ ከወልድያ ከሚመጣው አንድ ሺህ እይታ እጅግ የበለጠ ገቢ አለው፤ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ለተመልካቹ የመግዛት አቅም ነውና። እንግዲህ ቻናል ከፍተው ቤት ኪራይ መክፈል ያለብዎት ሰው ቢሆኑ ስለ ምን ይሠራሉ? የወልድያ ውኃ ለምን በሳምንት አንድ ቀን እንደሚመጣ አይሠሩም። ውጭ ያለው ወገናችን ሌሊት ከሥራ ሲመለስ የሚያስቆጣውን፣ የሚያስለቅሰውን፣ «ሰበር!» የሚያሰኘውን ይሠራሉ። በዳያስፖራው አልፈርድም፤ ናፍቆት ያለበት ሰው ወሬ ይጠማዋል። ግን ይህን «ሕዝቡ የመረጠው» ብሎ መጥራት የወልድያን ሰው ከሕዝብነት መሰረዝ ነው።

መድረኩን ባለቤቱ በፈለገ ቀን እንደሚዘጋውም በካናዳ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሜታ ለዜና አውታሮች ክፈል የሚለውን ሕግ በመቃወም በካናዳ ፌስቡክ ላይ ዜና አገደ። በዚያው ወር «የሎውናይፍ» የምትባል የካናዳ ከተማ በሰደድ እሳት ምክንያት ነዋሪዎቿ ለቀው እንዲወጡ ሲታዘዝ፣ ሰዎች ስለ እሳቱ የተዘገበ ዜና በፌስቡክ ለወዳጅ ዘመድ ማጋራት አልቻሉም። ሕዝብ በገበያ ድምፅ የሰጠበት ነገር የለም እዚህ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ማግስት ከሥራ ሲታገዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያደምጠው የኖረውን ሰው ፈቃድ የጠየቀ የለም።

ስለ ደላላው ብዙ አልልም። በየሆቴሉ ስብሰባ አበል ፈርሞ፣ መግለጫ ገልብጦ የሚሄድ ዘጋቢ አለ፤ እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ለዚህ «ደላላ» ቢሉን ይገባናል። ግን ባለሥልጣን በገጹ በቀጥታ ስለተናገረ ዴሞክራሲ ሆነ ማለት ነጋሪትን ከሸንጎ ጋር ማምታታት ነው። «አዋጅ፣ አዋጅ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይል የነበረው አዋጅ ነጋሪም በቀጥታ ለሕዝብ ነበር የሚናገረው፤ የዛሬው «ሼር አድርጉ» ከዚያ በምን ይለያል? የሕጋችን ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ መባሉ ለዚህ ነው፤ አዋጅ የሚነገርበት እንጂ ጥያቄ የሚነሳበት አይደለም። በ1997 የተካሄዱት የቴሌቪዥን ክርክሮች እስከ ዛሬ የሚታወሱት ባለሥልጣን ስለተናገረባቸው አይደለም፤ እሱንማ በየማታው እናየው ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» የሚለው ሰው ስለነበረ ነው።

የቀረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጸሐፊውን እዚህ ላይም በከፊል እደግፋለሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ የሚያቀርበውን ወፍራም ሪፖርት አንብቦ የትኛው መሥሪያ ቤት ያልተወራረደ ሒሳብ እንዳለበት በደቂቃ የሚለይ መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ በወጣትነቴ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር! የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከቴፕ እየሰማን በእጅ ስንገለብጥ የነበርን ሰዎች ማሽን አንጠላም።

ግን ሪፖርቱን የጻፈው ኦዲተር መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ቆጥሯል። ማሽኑ መጋዘን አይሄድም። በስማቸው ምክንያት የተከሰሱ መስለው ደንበኛ የሸሻቸው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሚያውቁት ነገር አለ፦ ወፍጮ እህል አያበቅልም። ያመጡለትን ይፈጫል፤ ጤፍ ቢያመጡ ጤፍ፣ እንክርዳድ የተቀላቀለበት ቢያመጡም ከነእንክርዳዱ። የወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ማንም ካልተቀመጠ፣ የተፈናቃዮች ጣቢያ ማንም ካልሄደ፣ ማሽኑ የሚፈጨው የቢሮዎቹን መግለጫ ብቻ ነው፤ እሱንም አሳምሮ። «ያለ ወገንተኝነት» ያሉት እንግዲህ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ እንኳን ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአፕል ስልኮች ዜና ማሳጠሪያ በቢቢሲ ስም ያልሆነ ነገር ጽፎ፣ በእስር ላይ ያለ አንድ ተጠርጣሪ ራሱን ተኩሷል ብሎ ለሰው ስልክ ላከ። ቢቢሲ አቤት አለ፤ አፕልም በጥር ወር አገልግሎቱን ለዜና አቆመ። አቤት ባይ የዜና ቤት ስለነበረ ማለት ነው። በአማርኛ ማን አቤት ይላል? ለማንስ?

አሁን ወደ ዓመተ ምሕረቷ። ጸሐፊው በሁለተኛው ክርክራቸው «ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ በ1987 ከወጣ በኋላ» ይላሉ። አዋጁ፣ ቁጥር 34፣ የወጣው በጥቅምት 1985 ነው፤ 1987 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዓመት ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ክርክራቸውን አታፈርስም፤ እኔም ከዚህ የባሰ ተሳስቼ አውቃለሁ። ልነግራቸው ፈለግሁ። ጽሑፉ መጀመሪያ የወጣበትን ቻናል ፈልጌ አገኘሁ፤ የባለቤቱ ስም የለም፣ አስተያየት መስጫው ተዘግቷል። ያጋሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የደረሰኝ አሉ። ጽሑፉ ከዚያ ወዲህ በሦስት ሌሎች ቻናሎች ላይ ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ሦስቱንም አየሁ፤ 1987 ይላሉ።